ሞያ

ከአየርላንድ ጫፍ፣ ከባሕሩ አፋፍ፣
የሣር ክዳኗን ነፋስ እንዳይገፍፍ
ገመድ ያጠለቀች፣ ድንጋይ ያንጠለጠለች፣
አንዲት ኖራ የተቀባች ጎጆ ነበረች።

የአያቴ ቤት ናት።
ስሟ ሞያ ነበር፤ ሞያ ነበር ስሟ፤
ከጢስና ከዓሣ የወጣ ቀለሟ።

የመስከረሙን ዓሣ ሆዱን ሰንጥቃ፣
ጨው ነስንሳ፣ ከበርሜል ደርድራ፣ ጠቅጥቃ፣
ቀዩን የባሕር ሣር ከዓለት ላይ ነጭታ፣
ፀሐይና ዝናብ እስኪያነጣው አስጥታ፣
በወተት ቀቅላ ስትሰጠን ለሳል፣
እንደ ሙጫ ረግቶ ጉሮሮ ያርሳል።

ሹራብ ስትሠራ ክሩን አታይም፤
ዓይኗ ከጀልባው ነው፣ ጣቷ አይስትም።
ቅቤ ስትንጥ የደረሰ እንግዳ፣
ቄስም ይሁን ቀራጭ፣ ወይም ባለዕዳ፣
መናጫውን ይዞ ሦስቴ ሳይወቅጥ
ደጇን አይወጣም፤ ሕግ ነው፣ አይለወጥ።

ከሁሉ የሚወራው ግን እሳቷ ነበረ።
ከረግረጉ ተቆርጦ በበጋ የከረረ
ጥቁር አፈር ነው የሚነደው፤ ዛፍ የት ተገኝቶ!
ነፋሱ ይበላዋል ገና ችግኝ ሳለ፣ ከሥሩ ጎትቶ።
ማታ ማታ ረመጡን በአመድ ስትዳፍን፣
ከንፈሯ በጸሎት፣ ፊቷ በሻርፕ ሽፍን፣
«ይህን ያነደደች ያያቴ እናት ናት» ትላለች፤
«መቶ ዓመት አልጠፋም» ብላ ትምላለች።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የግንቦት መባቻ፤
«እሳቱን አደራ» አለችኝ፣ ይህን ብቻ፤
ወደ ባሕሩ ወረደች ቅርጫቷን አዝላ፣
ለድንቹ መደብ የሚሆን አረም ልትሞላ።

ድመቷ ተኛች። እኔም ተኛሁ።
ስነቃ አመድ ነው። በጣቴ ጫርሁ፣
ጫርሁ፣ ጫርሁ። አንዲት ፍንጣሪ የለም።
መቶ ዓመት እጄ ላይ ሞተ፤ የማልከፍለው ደም።

መቆንጠጫ ይዤ በረርሁ ወደ ባርትሊ ደጅ።
ሳቢና ከበሩ ቆመች፣ ወገቧን ይዛ በእጅ፤
«በዛሬ ቀን እሳት! ማን ይሰጥሻል?
የዛሬን ፍም የሰጠ የዓመት ገዱን ሰጥቷል።»
ሦስት በር አንኳኳሁ፤ ሦስቱም አንድ መልስ።
ከኮልማን ሱቅ ገባሁ፣ እያለከለክሁ ሳለቅስ፤
በሁለት የዶሮ እንቁላል አንድ ክብሪት ገዛሁ፤
እንደ ሌባ ዙሪያዬን ቃኝቼ እሳት አያያዝሁ።

ሞያ መጣች። ውሃ ከቅርጫቷ ይንጠባጠባል።
እሳቱን አየች። አሸተተች። ክብሪት ይሸታል።
ማንቆርቆሪያ ጣደች። አንዲት ቃል አልወጣትም።
ማታም ዳፈነችው፤ «መቶ ዓመት» ግን አላለችም።

ሞያ በልብ ነው ይባላል። ሞያ በልቧ ያዘች።
እኔም በልቤ።

አሥራ ሁለት ክረምት አለፈ። ጉልበቷ ሲከዳት፣
ረመጥ መዳፈኑን እኔው ስሠራላት፣
አንድ ሌሊት ከአልጋዋ ጠራችኝ፣ ሳቅ አፍኗት፦
«ያን ቀን ክብሪቱን ከየት አመጣሽው?»
«ከኮልማን።» «በስንት?»
«በሁለት እንቁላል።» «አይ! ውድ ነው!
እኔ በአንድ ነበር የገዛሁት፤ ያገባሁ ሰሞን፣
አማቴ ቅዳሴ ሄዳ እሳት የጠፋብኝ ቀን።
ገብታ አሸተተች፤ አወቀች፤ ዝም አለች።
እሷስ ብትሆን፣ ማን ያውቃል፣ ከማን ገዝታለች?»

ሳቅን፤ እስክታስል ሳቀች። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።
ባሕሩ በጭስ መውጫው በኩል ያጉረመርማል፤ እሷ ምን ገዷት!
ሦስት ፍም አቀራርቤ አመድ አለበስሁ፤
ጸሎቷን ግን ከእኩሌታው በላይ አላስታወስሁ፤
የጎደለውን በራሴ ቃል ሞላሁት።
ጠዋት ስገልጠው ቀልቶ አገኘሁት።

አሁን ልጄ «ስንት ዓመቱ ነው?» ትለኛለች፣ ደጋግማ።
«መቶ» እላታለሁ።
ክብሪቱ ከዱቄቱ ጣሳ ኋላ ነው፣ ከላይኛው መደርደሪያ።
ቁመቷ አይደርስበትም፤ ገና ናት እሷማ።